«ዘይቱን» ብላችሁ ወይራ እንዳይሰጧችሁ፦ የለስላሳ ምግቦችና የፍራፍሬ ስሞች በኡርዱ

ጥያቄ፣ ከሻርጃ
ሰላም ለሁላችሁ። የፓኪስታን ቤተሰብ ዘንድ አረጋዊት እናት ለምትንከባከብ እህት የሚሆን ምክር ፈልጌ ነው። የሐኪሙ የምግብ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሶፍት (ለስላሳ)፣ ማሽድ (የተጨፈለቀ)፣ ፒዩሬ (ልሞ የተፈጨ)፣ ፐልፕ ይላል። እናትየዋም ፍራፍሬ ሻጩም የሚሰሙት ኡርዱ ነው። መዝገበ ቃላቱ ሶፍትን «ነረም» ብሎ ያልፋል። ይበቃል?

መልስ፣ ከዱባይ
አይበቃም እህቴ። ነረም ለትራስም ለዳቦም ይባላል፤ ሲነኩት የሚለሰልስ ነገር ሁሉ ነረም ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ የሚሠሩት «ፐክና» እና «ገልና» የሚባሉት ግሦች ናቸው።

ፐክና ቁርጥ የኛው «በሰለ» ነው፤ ማንጎም ይበስላል፣ ወጥም ይበስላል። እንግሊዝኛ ለፍሬው አንድ፣ ለድስቱ ሌላ ቃል ስላለው ነው የሚያምታታው። «ከቻ» ደግሞ እንደኛው «ጥሬ» ያልበሰለ ፍሬም ያልተቀቀለ ነገርም ነው። ስለዚህ ወረቀቱን መጀመሪያ ወደ አማርኛ መልሱት፣ ከዚያ ወደ ኡርዱ፤ መንገዱ ያጥራል።

ገልና ላይ ተጠንቀቁ። ለሥጋና ለክክ ሙገሳ ነው፤ «ጎሽት ገል ገያ» ማለት ሥጋው በደንብ ለስልሷል ማለት ነው። ስለ ፍራፍሬ ሲባል ግን ስሞታ ነው፤ «አም ገል ገያ» ከተባለ ማንጎው ላሽቋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፐካ ሁዋ በስሏል፣ ገላ ሁዋ ላሽቋል፣ ሰራ ሁዋ በስብሷል። (ገላም ሰራም ለኛ ጆሮ ሌላ ነገር ናቸው፤ ለማስታወስ ግን ይረዳሉ።) ዕቅዱ ያልሰመረለትን ሰውም «ዳል ነሂን ገሊ»፣ ክኩ አልበሰለለትም ይሉታል።

የቃሉ መድረሻ እንደ ስሙ ጾታ ይለወጣል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሥጋ ወንድ ናቸው፦ ፐካ፣ ገላ። ክክ፣ ተምር፣ ኪችሪ (አብሮ የተቀቀለ ሩዝና ክክ) ሴት ናቸው፦ ፐኪ፣ ገሊ። ብትሳሳቱም ይገባቸዋል።

መልስ፣ ከአቡዳቢ
ገበያ ላይ ሰው የሚሳሳተው በምናውቃቸው ስሞች ነው። ዘይቱን በኡርዱም በዓረብኛም ወይራ ነው። የኛ ዘይቱን በኡርዱ «አምሩድ»፣ በዓረብኛ «ጀዋፋ» ይባላል። ጊሽጣን በዓረብኛ «ቂሽጣ» ብላችሁ ብትጠይቁ የክሬም ቆርቆሮ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ በኡርዱ «ሸሪፋ» በሉ። «አሉ» ድንች ነው፣ «አሉ ቡኻራ» ግን ፕሪም ነው፤ ሩዝ ውስጥ የሚገባው ደረቁ ኮምጣጣ ፕሪምም በዚሁ ስም ይሸጣል። «ኬላ» ሙዝ ነው፣ «ከሬላ» ግን መራራ አትክልት ነው፤ አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው። ፓፓያ «ፐፒታ»፣ ኮክ «አሩ»፣ ተምር «ከጁር»፣ ሮማን «አናር»።

ፐልፕ «ጉዳ» ነው፣ የፍሬው ሥጋ። ልጣጩ «ችልካ»፣ ትልቁ ፍሬ «ጉትሊ»፣ ትንንሹ ዘር «ቢጅ»። ዛሬ የሚበላ ስትፈልጉ «አጅ ካኔ ኬ ልዬ»፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለሚበላ «ዶ ዲን ባድ» በሉ፤ ሻጩ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ይመርጥላችኋል። «ፐካ?» ሲላችሁ ደግሞ ስለ ብስለት ላይሆን ይችላል፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ማለትም ነው።

ሸሪፋ ለአረጋውያን ደግ ነው፣ ነገር ግን ጥቁር ዘሩ ሲፈጭ መርዛማ ስለሆነ አንድ በአንድ ሳይለቀም መፍጫ ውስጥ አይግባ። የአምሩድ ዘር መርዝ የለውም፤ ድንጋይ ስለሆነ ግን ፍሬውን ቀቅሎ በወንፊት ማጥለል ነው።

መልስ፣ ከሪያድ፣ በነርስነት የምትሠራ
ወረቀቱ ላይ ከቃሉ አጠገብ ቁጥር ካለ ቁጥሩን እመኑ። አይ ዲ ዲ ኤስ አይ የሚባለው፣ ለመዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች የምግብና የመጠጥ ልስላሴና ውፍረት መለኪያ፣ ከ0 እስከ 7 ይሄዳል። 4 ጉብታ የሌለው፣ «ፒሳ ሁዋ» (የተፈጨ) ነው። 5 ላይ የቁራጩ ስፋት ለአዋቂ 4 ሚሊሜትር ነው፣ በሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ያህል፤ «ባሪክ፣ ኪማ ጀይሳ» ብትሉ ይገባቸዋል፣ እንደ ተፈጨ ሥጋ ደቃቅ ማለት ነው። 6 ላይ እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ሆኖ በሹካ ሲጫኑት ይደቃል፤ «ገላ ሁዋ፣ ቾቴ ቱክሬ»፣ የለሰለሰ፣ ትንንሽ ቁራጭ ማለት ነው። ቁጥሩን በራሳችሁ ከፍና ዝቅ አታድርጉ።

ለስላሳ የሚመስል ሁሉ ለመዋጥ አይቀልም። «ተርቡዝ»፣ ማለትም ሐብሐብ፣ አፍ ውስጥ ውሃው ለብቻ ይፈስና ፍሬው ይቀራል፤ የመዋጥ ችግር ላለበት ትን የሚያስብለው ይህ ነው። «ደልያ»ም የኛው ቅንጬ ነው፤ ቢለሰልስም ቅንጣቱ ስለሚቀር ለ4 አይሆንም።

የፓኪስታን ቤተሰቦች ለታመመ ሰው ቀድመው የሚያስቡት ኪችሪን ነው። 1 ኩባያ ሩዝና ግማሽ ኩባያ የተከካ ማሾ («ሙንግ ዳል») አጥባችሁ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ በ6 ኩባያ ውሃ በዝግታ 40 ደቂቃ ያህል፣ ክኩ በጣት ሲጫኑት እስኪጠፋ። ሲቀዘቅዝ የሩዙ ስታርች ስለሚያጠጥረው ሲቀርብ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ምቱት፤ ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ ውሃው ላዩ ላይ ይቆማል። ወፍራም «ጋርሂ»፣ ቀጭን «ፐትሊ»። «አማ ጂ፣ ኦር ፐትሊ ከሩን?» ብትል፣ ይበልጥ ላቅጥነው ወይ ብላ መጠየቋ ነው። ስታናግራቸው «አፕ» ትበል፣ እንደ እርስዎ፤ «ቱም» ለትልቅ ሰው አይባልም።

ጥያቄ፣ ከሻርጃ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሥጋው ላይ «ከቻ ፐፒታ ለጋኦ» ተብላለች። ፓፓያ ከሥጋ ጋር?

መልስ፣ ከዱባይ
አዎ፣ አረንጓዴውን ጥሬ ፓፓያ ከነልጣጩ ፈጭቶ መቀባት ነው። ፓፔይን የሚባለው ኢንዛይሙ የሥጋውን ፕሮቲን ይሰብራል፤ ፍሬው ሲበስል ኢንዛይሙ ስለሚቀንስ ብርቱካናማው አያገለግልም። ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ለቁርጥራጭ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ለኪማ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ካሳደራችሁት ሥጋው ለስላሳ ሳይሆን ዱቄት ይሆናል፤ ያኔ እማማ «ገል ገያ» ቢሉ ሙገሳ እንዳይመስላት።