እህቴ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፣ በሬ እንሽጥ ወይስ?

የመንዙ ልጅ
ሰላም ወገኖች። ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ተፈትና ከ600 312 አምጥታለች። ከትምህርት ቤታቸው ያለፉት ሦስት ብቻ ናቸው፣ አንዷ እሷ ናት። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ቤተሰብ መሐል ሜዳ አካባቢ ገጠር ነው የሚኖረው፣ እኔ አዲስ አበባ ልስን እሠራለሁ፣ እሱም ሲገኝ ነው። ደስታው ሳያልቅ አንድ የሰፈር ሰው መጥቶ «ሲገቡ ውል ያስፈርማሉ፣ ትልቅ ዕዳ ነው» ብሎ አባቴን አስፈራራው። አሁን አባቴ ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ሽጬ እከፍላለሁ ብሏል። አንዱ ከሄደ እርሻው በመቀናጆ ሊሆን ነው፣ እሱም ሰው ከተገኘ። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ እዚያ ድረስ አትሄድም ብላ እያለቀሰች ነው። ውሉ ምንድን ነው? ስንት ብር ይዛ ትሂድ?

ቴምፖ ይዤ ቀረሁ
በሬውን አትሽጡ!! መጀመሪያ ይሄን ልበል። ውሉ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው ነው፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ፣ ሁላችንም ፈርመነዋል። ሲፈረም የሚከፈል አምስት ሳንቲም የለም። የመኝታና የምግቡ ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ደግሞ 15 በመቶው በስሟ ይያዛል፣ ሌላውን መንግሥት ይችለዋል። የምትከፍለው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ፣ ከደሞዟ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። አባትህ ደጅ መጥቶ በሬ የሚነዳ የለም። ካልከፈለች ዋናውን ዲግሪ አይሰጧትም፣ እንደኔ ቴምፖዋን፣ ማለት ጊዜያዊ ዲግሪዋን፣ ይዛ ትዞራለች። ምግብ ደግሞ በኛ ጊዜ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር ነበር የሚመደበው፣ ሽሮው ውስጥ ፊትህ ይታይ ነበር። በ2017 ወደ 100 ብር አድጓል፣ እነሱ ይሻላቸዋል።

ዶርም 214
እሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን ወንድ ስለሆነ ግማሹን ነው የነገረህ። የገጠር ልጅን ከግቢ የሚያባርራት ትልቁ ብር አይደለም፣ ትንንሹ ነው። ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ የስልክ ካርድ። እኔ አንደኛ ዓመት ሆኜ ኮፒ የማደርግበት አጥቼ፣ መጠየቅ ደግሞ አፍሬ፣ የዶርም ልጆች ሲተኙ የነሱን ሃንድአውት በእጄ እየገለበጥኩ ነው ለሚድ የተዘጋጀሁት፣ ከዚያ ፈተናው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። በኋላ ነው ጀንደር ቢሮ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ድጋፍ እንዳለው የሰማሁት። ማንም ጠርቶ አይነግራትም፣ ሄዳ ትጠይቅ። ከመሄዷ በፊት ቤተሰቡ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከቀበሌ ታውጣ፣ እዚያ ከደረሰች በኋላ ማስላክ መከራ ነው።

ሌላው፣ ነን ካፌ እንዳትሆን ንገራት፣ የግቢውን ምግብ ትቶ ብሩን በእጅ መቀበል ማለት ነው። በእጅ የሚሰጠው ብር መጀመሪያ ብዙ ይመስላል፣ ከዚያ ወሩ አጋማሽ ላይ በዳቦና በሻይ ነው የሚኖረው።

ጠመኔ
እኔ ገጠር አስተምራለሁ። 312 እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ውጤት እንዳይመስልህ። በ2015 በአገር ደረጃ ያለፈው 3.2 በመቶ ነበር፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ፣ የኔውም አንዱ። የዚያን ዓመት ቢሮ ቁጭ ብለን እርስ በርስ መተያየት አቅቶን ነበር። ብቻ ወደ ጉዳይህ።

ምደባ አስቀይራለሁ የሚል ሰው ይመጣባችኋል፣ አንድ ብር እንዳትሰጡት። ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና ጉርድ ፎቶ አሁኑኑ አዘጋጁ፣ ኮፒውን ጨምሮ። አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። ብርድ ልብስ ግን ለምን ትገዛላችሁ፣ የመንዝ ሰው ሆናችሁ? የእናቷን ባና ትያዝ። ለቦንጋ የሚያስፈልጋት ጃንጥላ ነው፣ ዝናቡ እንደናንተ አገር አይደለም።

ብሩን በተመለከተ ደግሞ መንዝ በግ አይጠፋም። አሁን ለመንገዱ አንድ በግ ሽጡ፣ ሌላውን ለገና አቆዩት። ያኔ ዋጋው ጥሩ ነው፣ የሁለተኛው ሴሚስተር ወጪ ከሱ ይወጣል።

አያሌው ነኝ በቃ
ተምራስ? እኛ ሰፈር ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳው ስንት ነው። ያን ብር ነግድበት።

ከሪያድ
አያሌው፣ ባጃጅ የሚነዳው ቢያንስ አገሩ ነው። እኔ ከ10ኛ ክፍል አቋርጬ ሰው ቤት ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ወንድሞቼን ከዚህ ሆኜ ነው ያስተማርኩት። የመንዙ ልጅ፣ አንድ ነገር ከኔ ስማ። መጀመሪያ ለወንድሜ የዓመቱን በአንዴ ላኩለት፣ በኅዳር አልቆ «እቴ ሙች፣ ተቸገርኩ» ብሎ ደወለ። ለታናሹ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አደረግኩት፣ ቀኑን ሳላሳልፍ። ልጅ ቀኑን ካወቀ ይቆጥባል። አንተም ሥራ ባለህ ወር ትንሽ አስቀምጥ፣ በሌለህ ወር እሷ እንዳትቸገር።

የመንዙ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አባቴ ጋ ደውዬ አንድ በአንድ አነበብኩለት። በሬው ቀርቷል፣ የበጉን ነገር ሲሰማ «ይሄ መምህር የኛ አገር ሰው መሆን አለበት» ብሎ ሳቀ። የቀበሌውን ደብዳቤ ሰኞ ይሄድበታል። እናቴ ናት እንጂ አሁንም እሺ አላለችም። ከመሐል ሜዳ አካባቢ ሄዶ ቦንጋ የሚማር ልጅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ሴት ብትሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። እናቴ እኮ የምትጠይቀኝ ስለ ብሩ አይደለም፣ «እዚያ የኛ ሰው አለ ወይ?» ነው የምትለኝ።