በረዶ ከመቀጥቀጥ ሌላ ምን ይሠራበታል?

የመንትዮች እናት፦
ልጆቼ 5 ዓመታቸው ነው። ብርዱ ከቤት አላስወጣ ቢለን የፕላስቲክ ዳይኖሰሮቻቸውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቼባቸው ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት በማንኪያ ሲቀጠቅጡ ወለሉ ኩሬ ሆነ፤ ከዚያ ሰለቻቸው። ትንሽ ሳይንስ ያለበት ነገር ታውቃላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ማንኪያውን ቀሚና ጨው ስጫቸው። ጨው የነካው በረዶ ከ0 ዲግሪ በታችም ስለሚቀልጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል። የምግብ ቀለም ጠብ ካደረግሽበት ቦይ ቦዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።
እኔ የምወደው ግን ክሩን ነው። እርጥብ ክር በረዶው ላይ አጋድመሽ ቁንጥር ጨው ነስንሺበት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀሽ ክሩን አንሺው። በረዶው ተንጠልጥሎ ይመጣል! ጨው ላዩን ሲያቀልጠው ሙቀት ከአካባቢው ይወሰዳል፤ በክሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ተመልሶ በረዶ ይሆንና ክሩን ይይዘዋል።

ጓንት አትርሱ፦
በረዶና ጨው ሲደባለቁ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊወርዱ ይችላሉ። እጃቸው ውስጥ ጨብጠው እንዳይቆዩ፤ ቆዳ ይጎዳል።

አባ ጠርሙስ፦
ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ መስመር አስምሩና ፍሪዘር ውስጥ አቁሙት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ መስመሩን ያልፋል። ብርጭቆ ግን አደራ፤ እኔ አንዱን ሰንጥቄ ስብርባሪ ስለቅም አመሸሁ።

የመንትዮች እናት፦
ክሩን ሞከርን። መጀመሪያ ጨው አብዝተን እምቢ አለ። በ3ኛው ተነሣ፤ አሁን ማን ያንሣ በሚል እየተጣሉ ነው።