ክርክር፦ የአዊ እርሻ ዲከረንስ መሆኑ ልክ ነው?

አስተባባሪ፦ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገብስና ጤፍ ይዘራበት የነበረ ማሳ በብዛት ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ለብሷል። ለከሰል ነው። ልክ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ የለም።

የመርካቶዋ፦ እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ከሰል አይበላ! ገበሬው ሁሉ ዛፍ ከተከለ እኛ ጤፍ ከየት ልናመጣ ነው? አሁንም ዋጋው አልቀመስ ብሏል።

የእንጅባራው፦ እህቴ፣ ቡናሽን የምታፈዪበት ከሰል ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ደግሞ እህሉን ያስጣለን ዛፉ አይደለም። ዝናቡ አጥቦ አጥቦ አፈሩን አሲዳማ አደረገው፣ ገብሱ እምቢ አለ። አሲዱን ለመቀነስ ኖራ ጨምሩ ይሉናል፣ ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚፈልግና ማጓጓዣው ምን እንደሚያስወጣ ግን የሚናገር የለም። በመጀመሪያው ዓመት እኮ ጤፉና ችግኙ አንድ ማሳ ላይ ነው የሚያድጉት። ጤፉ ይታጨዳል፣ ዛፉ ይቀራል። ቀጥሎ ከመሀሉ ለከብት ሣር ይታጨዳል። በአራት አምስት ዓመቱ ተቆርጦ እዚያው አፈር ለብሶ ይከሰላል፣ ከዚያ መሬቱ ወደ ጤፍ ይመለሳል። ከሰል የወጣበትን ቦታ ብታዪው፣ ክብ ክብ ሆኖ ጤፉ ለምልሞ ጠቁሮ ከሌላው በላይ ቆሟል።

የመርካቶዋ፦ ሃሃ፣ በቡናዬ መጣህብኝ። ግን ሁለት ቃዳ መሬት፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል ያለው ሰው አምስት ዓመት ምን እየበላ ይጠብቃል?

የእንጅባራው፦ ከፋፍሎ ነዋ! አንዱን ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ።

አፈር ወዳድ፦ ሁለታችሁም በሽታውን ዘለላችሁት። ዲከረንስ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ አፈር ይጠግናል፣ እሱን አልክድም። ግን ወረዳው ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ተክሎ ዋግ መሰል በሽታ ሲገባ፣ ችግኝ አፍዪውም ከሰል አክሳዩም ነጋዴውም አብረው ተመቱ። ገብስ ቢመታ ድንች ይኖራል። እዚህስ?

የእንጅባራው፦ ባሕር ዛፍንም ስታሙት ኖራችኋል። በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል ማን አተረፋት?

አፈር ወዳድ፦ ባሕር ዛፍ ነው፣ አልካድኩም። ምንጭ ዳር ሲተከል ግን ምን እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ። እኔ ዛፍ ይነቀል አላልኩም። ከማሳው ግማሹ ዲከረንስ ይሁን፣ ሌላው ድንችና ገብስ፣ ዳር ዳሩን ቀርከሃ። ቀርከሃ ለአዊ እንግዳ አይደለም።

የእንጅባራው፦ ቀርከሃውን ማን በስንት ይገዛኛል? ዋጋውን አምጣና እንከራከር።