ያቆሰለው ወይስ የጣለው? የአጋዘኑ ቀንድ የማን ነው?

የሴንት ፖሉ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሽምግልና ፈልጌ ነው የመጣሁት። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ዘንድሮ የሥራ ባልደረባዬ አደን አስጀመረኝ። ኮርስ ወሰድኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ያንን ከሩቅ የሚጮኽ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ ማማ ላይ ወጣሁ። ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ነጭ ጭራ ከሚሏቸው አጋዘኖች አንድ ትልቅ ወንድ መጣ፤ ቀንዱ አሥር ጫፍ አለው። ተኮስኩ፣ መታሁት፣ ጀርባውን አጉብጦ ሮጠ። ባልደረባዬ ደሙን በባትሪ አየና «ሆዱን ነው ያገኘኸው፣ አሁን ከተከተልነው ይርቃል፣ ይደር» አለኝ። አደረ። ሲነጋ የደሙን ፈለግ ይዘን ግማሽ ማይል ያህል ሄድን። የጎረቤት መሬት ድንበር ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ አጋዘኑን አጋድመው ሆድቃውን ሲያወጡ አገኘናቸው። «ጎህ ሲቀድ ቆሞ አገኘሁት፣ አንገቱን ብዬ ጣልኩት፣ ታጌንም (የፈቃድ ምልክቴን) አስሬበታለሁ» አሉ። ሆዱ ላይ ሌላ ቁስል እንዳለ አልካዱም። ሥጋውን እኩል እንካፈል አሉኝ። ጭንቅላቱን ግን ወይ ፍንክች! ባልደረባዬ ተቆጣ፣ እኔ ዝም አልኩ። ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን። ማን ነው ትክክል?

ባለማማው፦ ያንተ ነው። አለቀ። እዚህ አዳኞች ሲከራከሩ «የመጀመሪያ ደም» ነው የሚሉት፤ የሚገድል ቁስል ቀድሞ ያሳረፈ ይወስዳል። ሆዱን የተመታ አጋዘን ደግሞ አይተርፍም፣ ቀኑ ነው የሚረዝመው። ሽማግሌው የሞተ አጋዘን ነው የገደሉት።

የአራዳ ልጅ፦ የሞተ አጋዘን በእግሩ ቆሞ ጎህ ያያል እንዴ? 😂

ሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ያንተን ጉዳይ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ1822 ወስኖታል ብልህ ታምናለህ? ቁርጥ ያንተው ታሪክ ነው። ኒውኪርክ የሚባል ሰው አጋዘን አቆሰለ፣ ውሾቹን ለቀቀ፣ ደሙን እያየ ተከተለ፣ መሸበትና ተወው። በማግስቱ ፈለጉን ይዞ ሲሄድ በስተር የሚባል ሰው ቤት ደረሰ። አጋዘኑ ዋዜማውን ማታ እዚያው ተገድሏል፣ ጉሮሮውን የቆረጠው በስተር ነው። በስተር ሥጋውን ሰጠው፣ ቆዳውን ግን ከለከለው። በቆዳው ተካሰሱ። ማን አሸነፈ? በስተር። የዱር እንስሳ እስኪያዝ ድረስ የማንም አይደለም፤ አቁስለኸው ማሳደዱን ካቋረጥክ መብትህም አብሮ ቀረ አሉ ዳኞቹ። ከዚያ በፊት በ1805 እዚያው ኒውዮርክ በቀበሮ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በውሾች ሲያሳድድ ሌላው ከፊቱ ገድሎ ወሰደበት፣ ፍርድ ቤቱም ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የተማረ ሁሉ ይህን ቀበሮ ያውቀዋል። የንብረት ሕግ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ነው የሚመጣው፣ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለማማው፦ እህቴ፣ ዳኞቹ ማማ ላይ ወጥተው አያውቁም ማለት ነው። «አቋረጠ» የሚለው ቃል ላይ ነው ችግሩ። ሆዱን የተመታ እንስሳ ወዲያው ከተከተልከው ከተኛበት ይነሳል፣ ይርቃል፣ ደሙም ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሰዓት ትጠብቃለህ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ደንብ ነው። ልጁ በደንቡ መሠረት አሳደረው፣ ሲነጋ ደሙን ይዞ ሄደ። ካቋረጠ ለምን ተመለሰ? በጨለማ እየሮጠ አባሮት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አጋዘኑ ለማንም ሳይሆን ጫካ ውስጥ በስብሶ ነበር። በ1822ቱ ፍርድ ከሄድን ትክክለኛውን ያደረገው ሰው ሊቀጣ ነው።

ሕግ ተማሪዋ፦ ይኼ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ለአንተ የሚሆን ሌላ ጉዳይ ልስጥህ። ዊስኮንሲን፣ 1914። ተኩላ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ክፉኛ አቆሰሉት፣ እየተከተሉት ሳለ ሌላ ሰው መጥቶ ጨረሰውና ሬሳውን ወሰደ። እዚያ ፍርድ ቤቱ ለአቁሳዮቹ ፈረደ። ተኩላው የማምለጥ ተስፋ አልነበረውም፣ ስለዚህ ከቆሰለበት ቅጽበት ጀምሮ የእነሱ ነው አለ። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ይህ ነው፦ አጋዘኑ ያመልጥ ነበር ወይስ አያመልጥም?

የአራዳ ልጅ፦ አጋዘኑን ጠይቁት።

ጋሽ ቆላ፦ ልጆቼ፣ እኔ አሁን ጠመንጃ ሳይሆን ከዘራ ነው የምይዘው። አባቴ ግን አዳኝ ነበሩ። በእሳቸው አገር ግዳይ የሚቆጠረው መጀመሪያ ለወጋው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥል በነበረበት ዘመን፣ አንድ ዝሆን ላይ ስንት ሰው ጦር ይወረውራል! ሁሉም ገዳይ ነኝ ብሎ ቢፎክር አገር አይበቃም። ስለዚህ ቀድሞ ደፍሮ ለወጋው ይሰጡታል። ያልቆሰለ አውሬ ፊት መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነዋ። የቆሰለውን መጨረስ የማንም ሥራ ነው።

ቀንዱ ይቅርብኝ፦ ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ እሱ የሚሠራው ለዝሆን ነው። ዝሆን መልሶ ይመጣል፣ መጀመሪያ የወጋው ነፍሱን አስይዟል። አጋዘን ግን ተመልሶ ማንንም አያጠቃም። ማማ ላይ ቡና ይዞ ተቀምጦ መተኮስ ምን ድፍረት አለው? እንዲያውም የቆሰለውን እንስሳ ከስቃዩ የገላገሉት ሽማግሌው ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱ ተቀዶ የቆየው በልጁ ጥይት ነው። እኔ ብሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ እንጂ ቀንድ አልጠይቅም።

የሴንት ፖሉ፦ እሱ አገኘኝ። እውነት ለመናገር ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ባለማማው፦ ሁላችንም ደርሶብናል ወንድሜ፣ ያልደረሰበት ብዙ ያላደነ ነው። ግን ጸጸት ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ።

የዊስኮንሲኗ፦ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ታግ ስላሰረ ብቻ የእሱ ሆነ የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ታግ የሚያሳየው እንስሳው በፈቃድ መያዙን ነው፣ ያለሱ ከመንግሥት ጋር ትጣላለህ። ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ የሚፈርድ ወረቀት አይደለም። ሚኒሶታ በጠመንጃ ወቅት በቡድን ካደናችሁ አንዱ የገደለውን ሌላው በራሱ ታግ ማሰር ይችላል፤ እንግዲህ ታግ ገዳዩን የሚናገር ቢሆን ይኼ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው የባሰ ነው። የሰው መሬት። እናንተ ጋ ምልክት ያልተለጠፈበት መሬት ላይ የቆሰለ እንስሳ ለማንሳት በእግር መግባት ይቻላል። እኛ ጋ ዊስኮንሲን ግን ባለመሬቱን ሳታስፈቅድ አትገባም፣ ደሙ ቢንጠባጠብም። ይህን የምለው እንድትፈራ ነው። ኖቬምበር 2004 እዚሁ ዊስኮንሲን የሰው መሬት ላይ ያለ ማማ ላይ በተገኘ አዳኝ የተነሳ ጭቅጭቅ ስድስት ሰው ሞቶበታል። አዳኙ እንደኛው ስደተኛ ነበር። በአደን ወቅት ሁሉም ጠመንጃ ይዟል፣ ቋንቋ አይገጥምም፣ ቆዳም አይመሳሰልም። ዝም ማለትህ ትልቅ ሥራ ነው የሠራኸው። ባልደረባህ ይቆጣ፣ እሱ አገሩ ነው።

ጋሽ ቆላ፦ ተባረኪ ልጄ።

የአራዳ ልጅ፦ አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ ዛፍ ላይ ካሜራ አስሮ አንድ አጋዘን ሦስት ዓመት ሲከታተል ኖሮ፣ ስም ሁሉ አውጥቶለት፣ ሌላ ሰው ገደለበትና «አጋዘኔን ሰረቀኝ» ብሎ አኩርፎ ከረመ። ፎቶ ያነሳ ሁሉ ባለቤት ከሆነ ግማሽ ኢንስታግራም የኔ ነው።

የመጽሔት ሱሰኛ፦ ሰዎች፣ የጆርዳንን ቀንድ ሳታነሱ ይህ ክርክር እንዴት ያልቃል? ይሄም 1914፣ ይሄም ዊስኮንሲን ነው፤ ያ ዓመት ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ። ጄምስ ጆርዳን የሚባል ወጣት ዳንበሪ አጠገብ እጅግ ትልቅ አጋዘን ገደለ። ጭንቅላቱን ገለባ ሞልቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አድርጎ እንዲያዘጋጅለት ለአንድ ባለሙያ ሰጠ፣ አምስት ዶላር ከፈለ። ባለሙያው ቀንዱን ይዞ ሌላ ከተማ ገባ፣ ከዚያም ጠፋ። ጆርዳን ቀንዱን መልሶ አላገኘውም። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ሚኒሶታ ውስጥ ሳንድስቶን የምትባል ከተማ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ፣ አንድ ሰው ቀንዱን በሦስት ዶላር ገዛው። የማን እንደሆነ አያውቅም። ሲለካ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተገኘ! ሰውየው በ1,500 ዶላር ለሌላ ሰብሳቢ ሸጠው። ጆርዳን ደግሞ ቀንዱን ሲያየው «ይሄ የኔ ነው» አለ። ማን ያምነዋል? መዝገቡን የያዘው በቴዎዶር ሩዝቬልት የተመሠረተው የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ነው፤ ገዳዩ ጆርዳን መሆኑን የተቀበለው በ1978 መጨረሻ ነው። ጆርዳን ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ሞቷል።

እስከ 1993 ድረስ፣ ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን ላይ ሌላ እስኪገደል፣ በዓይነቱ የሚበልጠው አልተገኘም። ልብ በሉ፣ ክለቡ ለጆርዳን የመለሰለት ስሙን ነው። ቀንዱ የገዛው ሰው ዘንድ ቀረ። ስለዚህ እዚህ የምትከራከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ማን ገደለው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ማን ይሰቅለዋል የሚለው ሌላ።

ሕግ ተማሪዋ፦ ይኼን አላውቅም ነበር። እና አስተውላችኋል? በስተርም ሥጋውን ሰጥቶ ቆዳውን ከለከለ፣ የሚኒሶታው ሽማግሌም ሥጋውን ሰጥቶ ጭንቅላቱን ከለከለ። 200 ዓመት ሙሉ በሚበላው ነገር የተጣላ የለም።

ቀንዱ ይቅርብኝ፦ በሚበላው የማይጣሉት ስለጠገቡ ነው። እኛ ብንሆን በታፋው ነበር የምንካሰሰው።

የቤት እመቤት፦ ስለ ሥጋው ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማን ባርኮ አረደው? እናቴ ብትሰማ ድስቷን አታስነካህም። ደግሞም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገባ፣ ይኼ ሁሉ ሥጋ እስከ ገና ፍሪጅ ሊቀመጥ ነው?

ጋሽ ቆላ፦ ዋላና አጋዘን በኦሪት ዘዳግም የሚበላ ነው፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። ባራኪውን ግን እኔም አላውቅም። ቄስ ይጠየቅ።

ባለማማው፦ ወደ ቁም ነገሩ። የመጨረሻ ቃሌን ልስጥ። ሁለተኛው ጥይት ባይኖር አጋዘኑ በዚያው ቀን ይሞት ነበር፣ ልጁም ደሙን ይዞ ያገኘው ነበር። ቀንዱ የልጁ ነው።

ቀንዱ ይቅርብኝ፦ «ነበር፣ ነበር።» በነበር ቀንድ አይሰቀልም። እኔ ለሽማግሌው ነው የምፈርደው፣ ቆሞ አይተውታል።

ሕግ ተማሪዋ፦ በ1822ቱ ከሄድን ሽማግሌው፣ በ1914ቱ ከሄድን ልጁ። ሁለቱም የሌላ ግዛት ፍርዶች ናቸው፣ ሚኒሶታን አያስገድዱም። ፍርድ ቤት ብትሄዱ ደግሞ የጠበቃው ሂሳብ ከቀንዱ ይበልጣል። በግሌ ግን ወደ 1914 አደላለሁ፤ መጠበቅ ደንብ ከሆነ የጠበቀ ሰው አቋረጠ ሊባል አይገባም።

የሴንት ፖሉ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጆርዳን ላይ የተባለውን ካነበብኩ በኋላ ለሽማግሌው ደወልኩ። ቀንዱን አልፈልግም አልኳቸው፣ ግን የመጀመሪያውን ጥይት የተኮስኩት እኔ መሆኔን ለሚጠይቅዎ ሁሉ ይናገሩልኝ አልኩ። ትንሽ ዝም አሉና «እሱማ እውነት ነው» አሉ። እሑድ እቤታቸው ሄጄ ታፋውን ልወስድ፣ ከቀንዱም ጋር አብረን ፎቶ ልንነሳ ተስማማን።

የአራዳ ልጅ፦ ፎቶው ላይ ቀንዱን ማን ነው የሚይዘው?

የሴንት ፖሉ፦ እሱን ገና አልተስማማንም።