«ሶረል» በአማርኛ ምን ይባላል? ቱልት፣ መቅመቆ ወይስ እምቧጮ?

ጓሮዬ፦
ሰላም ለቤቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሰፈራችን ባለው የጋራ ጓሮ አንዲት ትንሽ መደብ አለችኝ። ከጎኔ የምትተክል አንዲት ዩክሬናዊት እናት በጸደይ መግቢያ ላይ አንድ ቅጠላ ቅጠል ከነሥሩ ገንጥላ፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቅጠሉ ረዘም ያለ ነው፤ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ወደ ኋላ የሾሉ ሁለት ጆሮዎች አሉት፣ የጦር ጫፍ ይመስላል። ስቀምሰው አፌ ምራቅ ሞላ፣ ጥርሴን አጠረሰው። እሷ ድንችና የተቀቀለ እንቁላል ጨምራ ሾርባ ትሠራበታለች። እንግሊዝኛው «ሶረል» ነው። ለእናቴ ደውዬ ልነግራት ስል ግን ስሙ ጠፋኝና «ጎምዛዛ ጎመን ነው» አልኳት። «ጎመን ደግሞ መቼ ጎመዘዘ?» አለችኝ። የአማርኛ ስም አለው? ደግሞስ «ገንጥላ ሰጠችኝ» ነው የሚባለው «ቆርጣ»?

የሞላሌው፦
ቱልት ነው እህቴ። በደጋ አገር ጓሮውም፣ የከብት በረቱ አጠገብም፣ መንገድ ዳሩም እሱ ነው። ሥሩን ሆድ ቁርጠት ሲይዝ ያኝኩታል።

ፊደል ቆጣሪ፦
የሞላሌው ወንድሜ፣ ዘመዱን አግኝተኸዋል፤ ራሱ ግን አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት «ሩመክስ» በሚሉት ወገን ውስጥ እኛ የምናውቃቸው ቢያንስ ሦስት አሉ። አንዱ ያንተ ቱልት ነው። ሁለተኛው መቅመቆ ነው፤ የሳይንስ ስሙ «ሩመክስ አቢሲኒከስ»፣ በአገራችን ስም የተጠራ። ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ሥሩን ቅቤ ሲነጠር ለቀለም ይጨምሩታል፣ ለደም ግፊትም እያፈሉ የሚጠጡት አሉ። ሦስተኛው እምቧጮ ነው፤ ቁጥቋጦ ሆኖ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል፣ እረኛ ለጋውን አገዳ ልጦ የሚያኝከው። ጓሮዬ የተሰጣት «ሩመክስ አሴቶሳ» የሚባለው የአውሮፓው ነው። እኛ ዘንድ አይበቅልም ነበርና የራሱ ስም የለውም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ተክል የጠሩት በኮምጣጣነቱ ነው። «ሶረል» ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ሱር» ማለት ኮምጣጣ ነው። «አሴቶሳ» ከላቲኑ የኮምጣጤ ስም ነው። ጀርመኖቹም ስሙን የሚጀምሩት «ዛወር» ብለው ነው፣ ያም ኮምጣጣ ማለት ነው። የእኛ ሦስቱ ስሞች ግን፣ ቱልትም ሆነ መቅመቆ ሆነ እምቧጮ፣ ውስጣቸው «ኮመጠጠ» የለም። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው ምላሱን አልተከተለም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ «የፈረንጅ መቅመቆ» ነው። «የሐበሻ ጥድ»፣ «የፈረንጅ ጥድ» እንደምንለው። የቅጠሉም ቅርጽ የሚቀርበው ለመቅመቆ ነው።

ከሪያድ፦
ጋሼ ትክክል ነዎት። እዚህ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በረሃው ላይ የሚበቅል አንድ አለ፣ «ሁመይድ» ይሉታል። በእስር በእስር ገበያ ይወጣል። የምሠራበት ቤት ያሉት እናት ከእርጎ ጋር ይበሉታል። «ሃሚድ» በአረብኛ ኮምጣጣ ነው። «ሆምጣጤ» ከሚለው ቃላችን ጋር ዘመድ ይመስለኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ይመስለኛል እኔም። ዕብራይስጡም «ሐሙጽ» ይላል።

ባልትና፦
«የፈረንጅ መቅመቆ» አይሆንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መቅመቆ ስባል የሚታየኝ ደረቅ ሥር ነው። የልጅቷ እናት ስሙን ከሰሙ «ሥሩን አድርቀሽ ለቅቤ አስቀምጪው» ይሏታል። ይኼኛው የሚበላው ቅጠሉ ነው። እምቧጮ ይሻላል። ልጅ ሆነን እየላጥን ያኘክነው፣ ዓይናችንን ያስጨፈነን እሱ ነው፤ ምላስ ያስታውሰዋል።

ደግሞ ጎምዛዛና ኮምጣጣ አንድ አይደሉም። እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ጠላ ይኮመጥጣል፤ ውሎ አድሮ፣ ቦክቶ የመጣ ነው። ያልኮመጠጠው አፍለኛ ይባላል። ጎምዛዛ ግን ገና ሳይበስል፣ ከተፈጥሮው ነው፤ ያልበሰለ ብርቱካን ይጎመዝዛል። ስለዚህ «ጎምዛዛ ጎመን» ያልሽው፣ ጓሮዬ፣ ቃሉን አልሳትሽም። ሌላው የጎደለ ቢሆንም ጣዕሙን በትክክል ተናግረሻል።

«ጥርሴን አጠረሰው» ያልሽውም ደስ አለኝ። ልጆች አሁን «ጥርሴን አመመኝ» ነው የሚሉት። ሕመም አይደለም እኮ! በኤርምያስም በሕዝቅኤልም አባቶች ያልበሰለ ወይን በልተው የልጆቻቸው ጥርስ ምን ሆነ? ጠረሰ። ይህን ስሜት ለብቻው የሚናገር ቃል እያለን ብንጥለው ያሳዝናል።

ለወጥሽ አንድ ነገር፦ በብረት ወይም በአልሙኒየም ድስት አትሥሪው። አሲዱ ከብረቱ ጋር ይጣላል፣ ቅጠሉም ጠቁሮ ጣዕሙ ይበላሻል። ሲበስል አረንጓዴው ወዲያው ወደ ወይባ ቢለወጥ ግን አትደንግጪ፣ የሱ ጠባይ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቤትሽ ካለ አታብዢለት።

የሞላሌው፦
እምቧጮ ካነሣን፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው «የእምቧጮ ካብ» ሲል ሰምቻለሁ። ትክክል ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አይደለም። «የእንቧይ ካብ» ነው። እንቧይ እሾኻም ሆኖ ቢጫ፣ ድቡልቡል ፍሬ የሚያፈራው ነው። ያን ፍሬ እንደ ድንጋይ ልካብህ ብትል እየተንከባለለ ይወርድብሃል፤ ሲነኩት የሚፈርስ ነገር ሁሉ በሱ ተመሰለ። እምቧጮ የሚካብ ነገር የለውም፣ ድምፃቸው ተቀራርቦ ነው።

ባልትና፣ ስለ እምቧጮው አሳምነሽኛል። እኔ በቅጠሉ መልክ ነበር የሄድኩት።

ጓሮዬ፦
አንድ ጥያቄ ልጨምር። ካሪቢያኖች ሱቅ ውስጥ ሶረል የሚል ቀይ መጠጥ አይቼ ገዛሁ። ከቅጠሌ ጋር በምንም አይገናኝም።

ከሪያድ፦
እሱ ከርከዴ ነው! ጃማይካውያን ለገና የሚጠጡት። ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው፣ ምናልባት እሱም ስለሚኮመጥጥ።

የችግኝ እናት፦
እኔ ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁና የ«ገንጥላ» እና «ቆርጣ»ን ነገር ልመልስ። ለመብላት ቅጠሉን ብትሰጥሽ «ቆርጣ ሰጠችኝ» ነው፤ «ለቅምሻ» ይባላል። አንድ ላይ ተሰብስቦ የበቀለውን ከፍላ፣ ለመትከል ከነሥሩ ከሰጠችሽ «ገንጥላ» ነው። «ነቅላ» ካልሽ ከመሬቱ አጠፋችው ማለት ሊመስል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ቢሆን «ፈልቅቃ» ትይ ነበር። ቁጥሩን ስትናገሪ ደግሞ «አንድ ተክል» ከማለት «አንድ እግር» በይ፤ አንድ እግር ቡና፣ አንድ እግር ጌሾ እንደሚባለው።

እንዲህ ዓይነቱን ተክል በየሦስት በየአራት ዓመቱ ቆፍሮ መገነጣጠል ለራሱም ይበጀዋል፤ ካልተነካ መሐሉ ያረጃል። የሰጠችሽ ሴትዮ ለሱም ውለታ ውላለታለች። የአበባ አገዳ ሲያወጣ ቶሎ ቁረጪው፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ይጠነክራል።

አሁን ከቃላት ሁሉ የምወደውን ልናገር፤ ጸደቀ። ዘር በቀለ ይባላል፣ ከቦታው ተነሥቶ የተተከለ ግን ጸደቀ ይባላል። ያው ነፍስ ጸደቀች የምንለው፣ «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ውስጥ ያለው ቃል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ እኛ ጣቢያ ላይ ያለነው ወዲያው የጠየቅነው «ስንቱ ይጸድቃል?» ብለን ነው። ዛሬ በዜናም «የጽድቀት መጠን» ሲሉ ትሰማላችሁ።

አንዲት ቅጠል ጸደቀች የምንለው መቼ ነው? ከተተከለ በኋላ የቆዩት ቅጠሎች ይጠወልጋሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ። ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል፣ ስሕተቱ እዚያ ነው። ጣትሽን ወደ መሐሉ ሰደድ አድርገሽ እይ፤ ተጠቅልላ የምትወጣ፣ የጥፍር ያህል ቀላ ያለች ጫፍ ካለች ጸድቋል። የጠወለጉትን ቁረጪና ውኃ አጠጪው።

ጓሮዬ፦
ጎንበስ ብዬ አየሁት። አለች! ሁለት ናቸው እንዲያውም።

የዩክሬኗን እናት «ብድር በምድር» ብዬ ልተረጉምላት ሞከርኩ፤ በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ። ውለታን እዚሁ በሕይወት እያለን እንመላለስ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋትና ከአገር ቤት የመጣልኝን የሐበሻ ጎመን ዘር በወረቀት ቋጥሬ ሰጠኋት። «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። «ጎመን» አልኳት። ሦስት ጊዜ ደጋግማ አለችው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «ቅጠሉ መቅመቆ ይመስላል፣ እንደ እምቧጮ ይጎመዝዛል፣ ወገኑ የቱልት ነው» አልኳት። «እንዲህ አትዪም ቀድሞ! የፈረንጅ እምቧጮ ነዋ» አለች፣ ማንም ሳይነግራት። ከዚያ ስሙን ተወችውና «ጸደቀልሽ?» አለችኝ።