ሮበርት ፒት ዊሊያምስን ለመስማት ከየትኛው አልበም መጀመር ይሻላል?

ከታወቁት የብሉዝ ጊታሪስቶች አልፋችሁ ሌላ ድምፅ ለምትፈልጉ ሁሉ የምጠቁመው ሮበርት ፒት ዊሊያምስን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1914 በሉዊዚያና ግዛት፣ ዛካሪ በተባለ ስፍራ፣ ከድሃ ገበሬዎች ተወልዶ ትምህርት ቤት ሳይገባ አደገ። በ1956 ሰው በመግደል ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እርሱ ግን ራሴን ስከላከል ነው ባይ ነበር። አንጎላ በተባለው የሉዊዚያና ወህኒ ቤት ሳለ የፎክሎር ተመራማሪው ሃሪ ኦስተር የእስረኞችን ዘፈን ሊቀዳ ሄዶ አገኘው።

አንድ አልበም ብቻ የሚገዛ ሰው «አንጎላ ፕሪዝነርስ ብሉዝ»ን ይውሰድ። ሆግማን ማክሲና ሌሎች እስረኞችም ስላሉበት አልበሙ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን «ፕሪዝነርስ ቶኪንግ ብሉዝ» የሚገኘው እዚህ ነው። በዚህ ሥራው ጊታሩን ዝግ አድርጎ እየመታ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ተስፋ መቁረጡ በንግግር ይጀምርና ወደ ዜማ ይሻገራል። እንዲህ ያለ እውነተኛ የሰው ድምፅ በየትኛውም የስቱዲዮ ቅጂ አልሰማሁም።

በኋላ በአመክሮ ከእስር ወጣ፤ ሆኖም ለዓመታት በአንድ እርሻ ላይ ያለ ተገቢ ክፍያ እንዲሠራ ተገድዶ ስለነበር ከግዛቱ ውጭ መጫወት የቻለው በ1964 በኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ነው። በ1960 ተቀድቶ በብሉዝቪል አሳታሚ የወጣው «ፍሪ አጌን» የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ድምፁ ይበልጥ የጠራ ስለሆነ የድሮ ቅጂ ሻካራነት ለሚያስቸግረው አድማጭ ይህኛው ይቀላል፤ የሮክ ሙዚቀኛው ካፕቴን ቢፍሃርት በ1967 መልሶ የተጫወተው «ግሮውን ሶ አግሊ»ም ያለው በዚሁ ላይ ነው። በ1966 በታኮማ አሳታሚ የወጣው «ሉዊዚያና ብሉዝ» ጥሩ ቢሆንም ከሁለቱ በኋላ ቢደመጥ ይሻላል።

ጊታር የምትለማመዱ አንባቢዎች እንደ ተለመደው ብሉዝ አሥራ ሁለት ባር (እኩል የምት ክፍል) እየቆጠራችሁ ልትከተሉት አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ በአንድ ኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ላይ እየተመላለሰ፣ ስንኙ በረዘመ ቁጥር ባሩን ያስረዝመዋል፤ ግጥሙንም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እየተጫወተ ነው የሚፈጥረው። ስለዚህ ጣቶቹን ከመከተል በፊት ድምፁን መከተል ይጠቅማል።

የአንጎላው አልበም በአርሁሊ አሳታሚ ካታሎግ ውስጥ ያለ ነው፤ ካታሎጉም ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ በስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ እጅ ስለሚገኝ፣ አልበሙን መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት።