አባይ ማዶ ያለውን ሕንፃ ማን ያስተዳድር?

ጠያቂው (ዴንቨር)፦
የተከበራችሁ የአገሬ ልጆች፣ ባሕር ዳር አባይ ማዶ ስምንት ተከራይ የሚይዝ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለኝ። ላለፉት 6 ዓመታት ኪራዩን የሚሰበስብልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት የውኃ ፓምፑ ተቃጥሎ ማሠሪያውን ከኪራዩ ላይ አወጣ፤ ደረሰኝ ስጠይቀው ግን «ሌባ አደረግኸኝ» ብሎ ስልኬን ማንሣት ተወ። አሁን አንድ የከተማው ደላላ ከወር ኪራዩ 10 በመቶ እየወሰደ ሕንፃውን ላስተዳድርልህ ብሎኛል። ለእርሱ ልስጠው፣ ወይስ ተከራዮቹ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቤ እያስገቡ እኔው በስልክ ልምራው? እናቴ «ሥጋህን በባዳ ለወጥኸው» እያለች አስጨንቃኛለች።

መላሽ (ሚኒያፖሊስ)፦
ወንድም ዓለም፣ መቶኛው አያታልልዎት። አሜሪካም አስተዳዳሪ ከወር ኪራዩ ከ8 እስከ 10 በመቶ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ አዲስ ተከራይ ሲያስገባ ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል። ነገር ግን እርስዎ በሚኖሩበት በኮሎራዶ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው በክፍያ የሚሠራ ሰው የደላላ ፈቃድ ማውጣት፣ የባለቤቱንም ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ መያዝ አለበት። የእኛ ደላላ ኑሮው የተመሠረተው ቤት በማገናኘት ኮሚሽን ላይ በመሆኑ፣ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ያተርፋል እንጂ አይጎዳም። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ተከራይ የሚቆይበትን ቤት ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚሰጡ ከሆነ የማገናኘቱን ሥራ ከአስተዳደሩ ይለዩበት።

መላሽ (ፍራንክፈርት)፦
ከመቶኛው በፊት የውክልናው ወረቀት ይታይ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የተሰጠውን ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ይፈቅድለታል፤ በአንቀጽ 2204 መሠረት ቤቱን ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከላከል ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ይህን ያወቅሁት ተምሬ ሳይሆን ተቀጥቼ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን አንድ ተከራይ ኪራይ አልከፍልም፣ አልወጣምም ሲል፣ ወንድሜ የያዘው ወረቀት ክስ ለመመሥረት አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። እኔ ኤምባሲ ቀጠሮ እስካገኝ፣ ወረቀቱም አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስኪረጋገጥ ድረስ 4 ወር አለፈ፤ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ በነፃ ኖረ። ሌላው የሚዘነጋው ግብሩ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር የባለቤቱ ዕዳ ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው ሳይከፍል ቢቀር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

መላሽ (ቶሮንቶ)፦
ሁላችሁም ስለ ወረቀት ትናገራላችሁ፤ እኔ ስለ ሰው ልናገር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ፣ በስልክ እመራለሁ ያለ ሁሉ ከቤቱ ወሬ ያጣ ነበር። የእናቴን ደኅንነት እንኳ የሰማሁት አዲስ አበባ ከገባ ነጋዴ ነው። ያን ጊዜ በዚያ ሕንፃ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ሲፈስ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ለምኖ ያመጣው፣ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች በመብራት ሒሳብ ሲጣሉ መሐል የገባው ማን ነው? የአጎትዎ ልጅ ነው። ለአንድ ፓምፕ ብለው ደረሰኝ ሲጠይቁት ቢከፋው ምን ያስደንቃል?

መላሽ (ሚኒያፖሊስ)፦
እኅት ዓለም፣ ደረሰኝ መጠየቅ ስድብ የሆነው ደመወዝ ስለሌለ ነው። ስድስት ዓመት በውለታ የሠራ ሰው ሒሳብ አምጣ ሲባል ውለታው የተካደ ይመስለዋል። ለደላላው የታሰበው 10 በመቶ ለእርሱ ይከፈል፣ ውል ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

መላሽ (ቶሮንቶ)፦
የአጎት ልጅ ተቀጣሪ ይሁን ነው የሚሉት? እንግዲያው ለበዓል ስንሄድ በር ላይ ቆሞ «ጌታዬ» ይበለን! በጎጃም ቤት ዘመድ ለዘመድ ቤት ሲጠብቅ ደመወዝ ተቆርጦለት አያውቅም፤ ሲያገባ ይደገሳል፣ ልጁ ሲማር ይታገዛል።

መላሽ (ሚኒያፖሊስ)፦
የተደገሰለትና የታገዘለት ከሆነ እሺ። ጠያቂያችን ግን ይህን አልነገሩንም።

ጠያቂው (ዴንቨር)፦
አልተደገሰለትም፤ በሠርጉ ጊዜ አልተገኘሁም፣ የላክሁትም ጥቂት ነበር። ውክልናውንም አውጥቼ አነበብሁት፤ ጠቅላላ ነው፣ ስለ ክስ አንድም ቃል የለበትም። ስለ ደላላው ገና አልቆረጥሁም። ዛሬ ማታ ለአጎቴ ልጅ እደውላለሁ፤ የፓምፑን ነገር ግን አላነሣም።

መላሽ (ፍራንክፈርት)፦
ፓምፑን ካላነሡ፣ ቢያንስ አዲሱ ውክልና በማን ስም እንደሚጻፍ ሳይነጋገሩ ስልኩን አይዝጉት።